ዌንዲ ኮፕ

ዌንዲ ሜሪ ኮፕ (ሐምሌ 14 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 1945 ተወለደች) በቀልዷና ማንም አንባቢ በሚገባው ቋንቋዋ የታወቀች እንግሊዛዊት ገጣሚ ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 «ለኪንግስሊ ኤሚስ ካካዎ ማፍላት» በሚል ርዕስ የወጣው የመጀመሪያ ትልቅ መድበሏ ለግጥም መጽሐፍ ባልተለመደ ብዛት ተሸጧል። ስለ ፍቅር፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ወንዶችና ሴቶች ግንኙነት እንዲሁም ስለ ራሳቸው ስለ ገጣሚዎች ጽፋለች። የምትጽፈው በአብዛኛው ቤት በሚመታና በጥብቅ በተለካ ስንኝ ነው። አንባቢ በቀላሉ ስለሚረዳት «ቀላል ገጣሚ» የሚል ስም ወጥቶላታል፤ ስሙ ይገባታል አይገባትም የሚለው ክርክር ከመጀመሪያ መጽሐፏ ጀምሮ ተከትሏታል። ክርክሩን ወደ ግጥም የቀየረችውም ራሷ ናት።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

ኮፕ የተወለደችው ኤሪዝ በምትባል በቴምዝ ወንዝ ዳር በምትገኝ ከተማ ነው። ኤሪዝ ያኔ በኬንት አውራጃ ሥር ነበረች፤ ዛሬ የለንደን አካል ሆናለች። አባቷ ፍሬድ ኮፕ የከተማው ትልቅ መደብር ሥራ አስኪያጅ ነበር። በልጅነቷ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፤ ያ ዘመን ከብዙ ዓመታት በኋላ በግጥሞቿ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሴንት ሂልዳስ ኮሌጅ ታሪክ አጠናች። የመምህርነት ሥልጠናም እዚያው ኦክስፎርድ ከወሰደች በኋላ ከ1967 ጀምሮ በለንደን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን ስታስተምር ቆየች።

ግጥም መጻፍ የጀመረችው ዘግይታ ነው። አባቷ በ1971 ከሞተ በኋላ በድብርት ተይዛ ነበር። በ1973 ሳይኮአናሊሲስ የተባለውን የሥነ ልቦና ሕክምና ጀመረች፤ በዚሁ ወቅትም ብዕር አነሣች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ይህን ማወቅ ግጥሞቿን ለማንበብ ይጠቅማል። አንባቢን የሚያስቁት ብዙዎቹ ግጥሞች ሥር ያለው ነገር ብቸኝነት ወይም የልብ ስብራት ነው፤ ሳቁም ኀዘኑን ለመሸሽ የመጣ አይመስልም፤ ኀዘኑን ቆሞ ለማየት የሚረዳ ነገር ነው።

በ1980 «ከከተማው ማዶ ለማዶ» የተባለች ትንሽ የግጥም ጥራዝ አወጣች። በዚያው አሥር ዓመት መጀመሪያ የለንደን ትምህርት ባለሥልጣን ለመምህራን በሚያሳትመው መጽሔት ላይ በአርታኢነት ሠርታለች። በ1986 መምህርነቱን ትታ በብዕሯ መተዳደር ጀመረች፤ እስከ 1990 ድረስም «ስፔክቴተር» ለተባለው ሳምንታዊ መጽሔት የቴሌቪዥን ሐያሲ ሆና ጽፋለች። ከገጣሚው ላክላን ማኪነን ጋር 19 ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ በ2013 በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። መኖሪያቸውም በምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው የኢሊ ከተማ ነው።

«ለኪንግስሊ ኤሚስ ካካዎ ማፍላት»

የመድበሉ ስም የመጣው ከአንድ የአራት ስንኝ ግጥም ነው። ኪንግስሊ ኤሚስ በዘመኑ ስሙ የገነነ ልቦለድ ጸሐፊ ሲሆን በ1978 ኦክስፎርድ ያሳተመውን የቀልድ ግጥሞች መድበል ያዘጋጀውም እሱ ነው። ኮፕ ለዚህ ሰው ካካዎ ስታፈላ በሕልሟ ታያለች። ግጥሙ ራሱ ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር እንደሌለው ያምናል፤ ርዕሱ ግን በጣም ያምራልና ይቀመጥ ይላል። ትልቅ ነገር እንዳለ ማስመሰል ትችል ነበር፤ የለም ብላ ተናገረችና አሳቀች። መጽሐፉ በሙሉ በዚህ መንፈስ የተጻፈ ነው።

በመድበሉ ውስጥ ብዙ የተወራላቸው በእንግሊዝኛ «ፓሮዲ» የሚባሉት፣ የሌላን ገጣሚ አጻጻፍ አስመስሎ መቀለጃ የሆኑ ግጥሞች ናቸው። ከእነዚህ በላይ የሚታወቀው በቲ. ኤስ. ኤልየት «ዘ ዌስት ላንድ» ላይ የሠራችው ነው። የኤልየት ግጥም በ1922 የታተመ፣ አምስት ክፍልና ከ430 በላይ ስንኞች ያሉት፣ በሌሎች ቋንቋዎችና በጥንት መጻሕፍት ጥቅሶች የተሞላ፣ ገጣሚው ራሱ ማስታወሻ የጨመረለት ከባድ ሥራ ነው። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ለሳምንታት ይጨነቁበታል። ኮፕ ይህን ሁሉ በአምስት ሊመሪክ ጨረሰችው።

ሊመሪክ በእንግሊዝኛ ለቀልድ የሚያገለግል የአምስት ስንኝ ግጥም ነው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አምስተኛው ስንኝ በአንድ ዓይነት ቤት ይመታሉ፤ መካከለኞቹ ሁለቱ አጠር ብለው በሌላ ቤት ይመታሉ። ምቱ ፈጣንና ዘላይ ስለሆነ የቱንም ያህል ቁም ነገር ቢጭኑበት መጠጥ ቤት ውስጥ የሚባል ወሬ ያስመስለዋል። ኮፕ ለእያንዳንዱ የኤልየት ክፍል አንድ ሊመሪክ ሰጠች፤ በድምሩ 25 ስንኝ መሆኑ ነው። ቅደም ተከተሉ አልተዛባም፤ በእያንዳንዱ ክፍል የሚሆነው ነገርም በትክክል አለ። የኤልየት ማስታወሻዎች እንኳ አልቀሩም፤ የመጨረሻው ቀልድ በእነሱ ላይ ነው። ዋናውን ግጥም ያላነበበ ሰው ይስቃል፤ ያነበበው ሰው ግን አንዲትም ነገር እንዳልተዘለለች ስለሚያይ የበለጠ ይስቃል።

መጽሐፉን ያሳተመው «ፌበር ኤንድ ፌበር» ነው። ኤልየት ራሱ በዚህ ማተሚያ ቤት ለረጅም ዓመታት ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። ኮፕ የምታስመስላቸው ቴድ ሂዩዝ፣ ፊሊፕ ላርኪንና ሼመስ ሂኒም የዚሁ ቤት ገጣሚዎች ናቸው። እንግዲህ ማተሚያ ቤቱ በገዛ ባለ ስሞቹ ላይ የተቀለደበትን መጽሐፍ አሳተመ ማለት ነው።

በዚሁ መድበል ውስጥ ለምሕንድስናና ለኮምፒውተር ተማሪዎች የሚቀርብ አንድ ግጥም አለ። በለንደኑ ዌስትሚንስተር አቢ ቤተ ክርስቲያን ከቾሰር ጀምሮ ታላላቅ ገጣሚዎች የተቀበሩበትና የሚታወሱበት «የገጣሚዎች ማዕዘን» የሚባል ቦታ ይገኛል። የብሪታንያ መሐንዲሶች ምክር ቤት «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ላይ ባወጣው ማስታወቂያ ለመሐንዲሶችስ ለምን ማዕዘን አይኖራቸውም ብሎ ጠየቀ፤ አገሪቱ ከንድፍ ይልቅ ለግጥም ታደላለች የሚል ቅሬታም ነበረበት። ኮፕ «የመሐንዲሶች ማዕዘን» በሚል ርዕስ መለሰች። ቅሬታውን ፍጹም እንዳመነች ሆና ገጣሚዎች በገንዘብ የሚንደላቀቁባት፣ መሐንዲሶች ግን ድሆችና የተናቁ የሆኑባት እንግሊዝ ትሥላለች። ስለ ገጣሚ ገቢ ትንሽ የሚያውቅ ሰው መሳቁ አይቀርም።

ጄሰን ስትራግኔል

ኮፕ ከፈጠረቻቸው ሰዎች ሁሉ የሚታወቀው ጄሰን ስትራግኔል ነው። ነዋሪነቱ በደቡብ ለንደን ቱልስ ሂል ሰፈር ነው፤ ታላቅ ገጣሚ ለመሆን ይመኛል፤ ተሰጥኦ ግን የለውም። ችግሩ ከሁሉ በፊት የራሱ ድምፅ ማጣቱ ነው። ሂዩዝን ካነበበ እንደ ሂዩዝ፣ ላርኪንን ካነበበ እንደ ላርኪን ይጽፋል፤ የጃፓን ሃይኩ ከሰማ ሃይኩ ይሞክራል፤ የዑመር ኻያምን ሩባያት ቢያገኝ ሩባያት ይጀምራል። ግጥም መጻፍ የጀመረ ማንኛውም ወጣት ትንሽ ስትራግኔልነት ስላለበት ገጸ ባሕሪው ከተራ መቀለጃነት አልፏል።

ስትራግኔል ሼክስፒርንም አልማረም። የሼክስፒርን ሶኔቶች አጀማመር እየወሰደ ወደ ራሱ ጉዳይ፣ ማለትም ወደ መጠጥ፣ ወደ ሴትና ወደማይመጣው ዝናው ይጠመዝዘዋል። አንዱን ምሳሌ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም፤ ነገሩ የኅብር ቃል ጨዋታ ነው። በእንግሊዝኛ «መንፈስ» እና «ጠንካራ መጠጥ» በአንድ ቃል ይጠራሉ። ሼክስፒር በፍትወት ስለሚባክን መንፈስ በምሬት የጀመረውን ሶኔት ስትራግኔል የመጠጥ ዋጋ መወደድ ማማረሪያ አደረገው። ሶኔቱ እንደ ደንቡ 14 ስንኝ ነው፤ ምቱም ቤቱም አልተዛነፈም። እዚህ ላይ ሁለት ሰው መለየት ያስፈልጋል፤ ግጥሙ መጥፎ የሚሆነው በስትራግኔል ስም ነው፣ የስትራግኔልን መጥፎ ግጥም እንዲህ አድርጎ ለመሥራት ግን ቅርጹን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ቀልዱ ሴቶችንም ይመለከታል፤ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ትላልቅ የግጥም መድረኮች ላይ የሚበዙት ወንዶች ነበሩ፤ ኮፕ በስትራግኔል በኩል የምትነካው የእነሱን ኩራት ነው።

ቅርጽና ቀልድ

ኮፕ ነፃ ስንኝም ትጽፋለች። ነገር ግን የተዋጣላቸው ሥራዎቿ እንደ ሶኔት፣ ትሪዮሌና ቪላኔል ባሉ የድሮ ቅርጾች የተሠሩ ናቸው። ከእነዚህ ቪላኔል ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። 19 ስንኞች አሉት፤ መጀመሪያ አምስት ባለ ሦስት ስንኝ አንጓዎች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ባለ አራት ስንኝ አንጓ። በ19ኙ ስንኞች ውስጥ የሚፈቀደው ቤት ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው ስንኝ እንደ አዝማች እየተፈራረቁ ይመለሳሉ፤ እያንዳንዳቸው አራት ጊዜ ስለሚመጡ ከ19ኙ ስምንቱ ድግግሞሽ ናቸው። ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ነገሩ ሉፕ ይመስላል፤ ጥሩ ቪላኔል ከሉፕ የሚለየው ያው ስንኝ በተመለሰ ቁጥር ሌላ ትርጉም ይዞ በመምጣቱ ነው።

መምህርነቷ እዚህ ላይ ጠቅሟታል። ከ1964 ጀምሮ በብሪታንያ ሕፃናት ማንበብ የሚለማመዱባቸው የ«ሌዲበርድ» መጻሕፍት ፒተርና ጄን የሚባሉ ወንድምና እኅት አሏቸው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ሕፃኑ ቃሉን እንዲይዝ ያው ነገር ደጋግሞ ይነገራል። ኮፕ «የንባብ መለማመጃ» በሚለው ቪላኔል ፒተርና ጄንን፣ እናታቸውንና ወተት አመላላሹን አመጣች። ቋንቋው የሕፃናት መጽሐፍ እንደሆነ ቀጥሏል፤ ነገር ግን አንባቢ እናትየውና ወተት አመላላሹ ምን ላይ እንዳሉ ቀስ በቀስ ይገባዋል፤ ከዚያ አባት ይደርሳል። ልጆቹ የሚያዩትን ሁሉ ይናገራሉ፤ ምን እንዳዩ ግን አያውቁም። የመማሪያ መጽሐፉ ድግግሞሽና የቪላኔል ድግግሞሽ አንድ ላይ ስለገጠሙ ቅርጹ ለዚህ ታሪክ ብቻ የተፈለሰፈ ይመስላል።

«ብቸኛ ልቦች» የተባለው ሌላው ቪላኔሏ በጋዜጣ የፍቅር ጓደኛ ፈላጊ ማስታወቂያዎች የተሠራ ነው። በየአንጓው ሌላ ሰው ይናገራል፤ ሞተር ብስክሌት ነጂ አለ፣ የንግድ ሥራ ኃላፊ አለ፣ ወንድ ልጅ የምታሳድግ እናት አለች። ሁሉም በራሱ ዓይን ልዩ ነው፤ አዝማቹ ሲመለስ ግን ፍላጎታቸው አንድ መሆኑ ይወጣል። የማስታወቂያው ቋንቋ ያስቃል። በአራተኛው ድግግሞሽ ላይ ግን ሳቁ ሳይታወቅ ሌላ ነገር ይሆናል፤ በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ከሁሉ የላቀ ግጥሟም ይህ ነው።

የኮፕን ግጥም ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ያልጠበቀው ችግር ይገጥመዋል። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው በግሥ ስለሆነ ስንኞችን በአንድ ፊደል መዝጋት ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ ግን ስንኙ በማንኛውም ቃል ሊያልቅ ስለሚችል አንባቢ የሚቀጥለውን ቤት መምቻ በጉጉት ይጠብቃል፤ ያልታሰበው ቃል ዱብ ሲል ይስቃል። የኮፕ ቀልድ ግማሹ ያለው በዚያ ቅጽበት ነው። ትርጉሙ ቢመለስ እንኳ ቅጽበቱ አብሮ አይመለስም።

«ከባድ ጉዳዮች»

የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲወጣ «ስፔክቴተር» ላይ የታተመ አንድ ግምገማ ኮፕ ተጫዋችና ጉራ የሌለባት ናት፤ ጥንካሬዋም ጉድለቷም ይኸው ነው የሚል ሐሳብ ነበረበት። ኮፕ አስተያየቱን አልረሳችም። በ1992 ሁለተኛውን ዋና መድበሏን «ከባድ ጉዳዮች» አለችው፤ በዚሁ ስም በሚጠራው ግጥምም የሐያሲውን ቃል ከላይ አስቀምጣ ጉድለቷን ለማረም ቆርጣ መነሣቷን ታስታውቃለች። ጨዋታዋን ትቀንስ ወይስ ጉራ ትጨምር እያለች በቅን ልብ እንደምትጨነቅ ሆና ታወጣለች ታወርዳለች። ሐያሲ አንድን ገጣሚ ሲመዝን ተጫዋችነትን በጉድለት በኩል ካስቀመጠው ከባድነትን የሚለካው በምንድን ነው የሚል ጥያቄ ከቀልዱ ጀርባ አለ፤ ጥያቄው እስካሁን አልተዘጋም።

መጽሐፉ እንደ መጀመሪያው በብዛት ተሸጧል። ወንዶችን ከአውቶቡስ ጋር የምታነጻጽርበት ግጥም የሚገኘው እዚህ ውስጥ ነው፤ ለረጅም ጊዜ አንድም አይመጣም፣ ከዚያ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ፣ አንዱን ለመምረጥም ጊዜ አይኖርም። «አበቦች» የሚለው ደግሞ አበባ ሊያመጣ አስቦ በየጊዜው ስላልተሳካለት ሰው የሚናገር አጭር ግጥም ሲሆን ቁጣ የሚጠብቅ አንባቢ ምስጋና ያገኝበታል። ኮፕን የወንዶች ጠላት አድርገው የሚያነቧት ሰዎች ይህን ቢያነቡ ይጠቅማቸው ነበር።

ከዚህ መድበል ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው «ብርቱካን» ነው። ተናጋሪዋ በምሳ ሰዓት አንድ በጣም ትልቅ ብርቱካን ገዝታ ለሁለት ጓደኞቿ ታካፍላለች፤ ቀኑን ሙሉ ጥቃቅን ነገሮች ያስደስቷታል፤ ለዚህም ምክንያቱ ፍቅር መሆኑ መጨረሻ ላይ ይገለጣል። ፓሮዲ አይደለም፣ የሚቀለድበትም ሰው የለም። ከታተመ ከብዙ ዓመታት በኋላ በማኅበራዊ ሚዲያ እየተቀባበለ ስለ ኮፕ ሰምተው የማያውቁ ወጣቶች ዘንድ ደረሰ። ማተሚያ ቤቱም በ2023 «ብርቱካንና ሌሎች ግጥሞች» የተባለ አነስተኛ መድበል አወጣ።

በኋላ የወጡ ሥራዎች

ለአሻንጉሊት ቲያትር የተጻፈው «የወንዟ ልጅ» የተባለ ረጅም ትረካ በ1991 ታትሟል። ከ«ከባድ ጉዳዮች» በኋላ አዲስ መድበል እስኪወጣ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። «ካላወቅሁ» (2001) ለዊትብሬድ የግጥም ሽልማት በእጩነት የቀረበ ሲሆን በቾሰር ዘይቤ የተጻፈ «የመምህሯ ተረክ» የሚባል ረጅም ግጥም ይዟል። «ሁለት የፍቅር መድኃኒቶች» (2008) ከቀደሙት የተመረጡ ግጥሞች ስብስብ ነው፤ ማብራሪያዎች ስላሉበት ለተማሪ የሚመች መነሻ ነው። «የቤተሰብ እሴቶች» (2011) ወደ እናቷና ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል፤ ከእሱና ከ«የወሬ ማስረጃ» (2018) ጀምሮ ቀልዱ ቀነስ ብሎ ስለ እርጅናና ስለ ሞት በእርጋታ የሚያወሩ ግጥሞች ይበዛሉ። በ2014 የዝርው ጽሑፎቿ፣ በ2024 ደግሞ የግጥሞቿ ጠቅላላ ስብስብ ታትመዋል። ለሕፃናት ጽፋለች፤ የሌሎችን ግጥሞች መርጣ መድበሎችም አዘጋጅታለች። በ2007 ከማን ቡከር ሽልማት ዳኞች አንዷ ነበረች።

በ1987 የቾምሊ ሽልማትን፣ በ1995 የአሜሪካ የጥበባትና የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ለቀልድ ግጥም የሚሰጠውን የማይክል ብራውድ ሽልማት አግኝታለች። በ2010 የብሪታንያ መንግሥት ኦ.ቢ.ኢ. የተባለውን የክብር ኒሻን ሰጥቷታል።

ሎሬትነት

በብሪታንያ «ፖየት ሎሬት» በመንግሥት የሚሾም የባለቅኔነት ማዕረግ ነው። ቴድ ሂዩዝ በ1998 ሲሞት የቢቢሲ ሬዲዮ 4 አድማጮች እንዲተካው የመረጡት ኮፕን ነበር፤ ሹመቱ ግን ለአንድሩ ሞሽን ተሰጠ። በ2009 የሞሽን ዘመን ሲያበቃ ስሟ እንደገና ተነሣ። እሷ ማዕረጉ ከነጭራሹ ቢቀር ይሻላል የሚል አቋም ነበራት። ሹመቱን ያገኘችው ካሮል አን ደፊ ናት፤ በማዕረጉ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት።

የቅጂ መብትና ኢንተርኔት

ኮፕ ስለ ቅጂ መብት አጥብቀው ከሚናገሩ ገጣሚዎች አንዷ ናት። በ2007 «ጋርዲያን» ጋዜጣ ላይ በጻፈችው ጽሑፍ ግጥሞቿ ያለ ፈቃድ በብዙ ድረ ገጾች ላይ መለጠፋቸውን ተቃውማለች። ክርክሯ ግልጽ ነው። ልቦለድ ሙሉውን ገልብጦ ለመለጠፍ ይከብዳል፤ ግጥም ግን አጭር ስለሆነ በደቂቃ ይገለበጣል፤ የለጠፈውም ሰው ደግ ነገር የሠራ ይመስለዋል። ገጣሚ የሚኖረው ግን ከመጽሐፍ ሽያጭና ለዳግም ኅትመት ከሚከፈል ክፍያ ነው። የብሪታንያ ሕግ መብቱን ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት ያስከብራል፤ እሷም ሞታ ገንዘቡን ማውጣት በማትችልበት ጊዜ ሰዎች በግጥሟ እንደሚያተርፉ ሲታሰባት እንደሚያናድዳት በቀልድ ጽፋለች።

በሌላ በኩል «ብርቱካን»ን ለአዲስ ትውልድ ያደረሰው ያው መለጣጠፍ ነው፤ የ2023ቱን መጽሐፍ ከገዙት መካከልም ግጥሙን መጀመሪያ በስልካቸው ያዩት ጥቂት አይሆኑም። ይህ ክርክሯን አያፈርሰውም፤ መቼና የት ይታተም የሚለውን የመወሰን መብት የእሷ ነውና። በዚህ ገጽም ከግጥሞቿ አንድም ስንኝ ያልተጠቀሰው ስለዚህ ነው፤ ግጥሞቹን የሚፈልግ አንባቢ መጻሕፍቱን ፈልጎ ማንበብ ይኖርበታል።

የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በ2011 የኮፕን የግል ሰነዶች በ32,000 ፓውንድ ገዝቷል። በውስጡ የግጥም ደብተሮች፣ ያልታተሙ ግጥሞችና ወደ 40,000 የሚጠጉ ኢሜይሎች አሉ። የቀደመው ዘመን ገጣሚ ደብዳቤ በሣጥን ሲቀመጥ ኖሯል፤ ኢሜይል ግን ከአንድ አካውንት ወጥቶ፣ ቀኑና ተቀባዩ ሳይጠፋ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሚኖር ኮምፒውተር እንዲነበብ ሆኖ መቀመጥ አለበት። በኮፕ ኢሜይሎች ውስጥ የሌሎች ሰዎች ደብዳቤም አለ፤ የእነዚያ ደብዳቤዎች የቅጂ መብት ደግሞ የጻፏቸው ሰዎች ነው።